የአጥናፉ አባተ የፖለቲካ ሕይወትና የምክትልነት ወንበር ትምህርት

በይርጋ ጨፌ ወረዳ ከምትገኘው ከኮንጋ አንስቶ እስከ ዲላ በተዘረጋው የጌዴኦ ምድር፣ በእንሰትና በቡና ጥላ ሥር ሶንጎ የሚባል የሸንጎ ቤት ይገኛል። በዚህ ቤት ሽማግሌዎች ተቀምጠው የወሰን ጠብ፣ የቤተሰብ ክስና የደም ጉዳይ ይመለከታሉ። የሶንጎ ሥርዓት ዝርዝሩ ብዙ ቢሆንም መሠረቱ አንድ ነው፤ ተከሳሽ ቀርቦ ቃሉን ሳይሰጥ አይፈረድበትም። ባሌ ተብሎ የሚታወቀው የሕዝቡ ነባር አስተዳደርም ሥልጣንን ለአንድ ሰው ለዘለዓለም አያስረክብም። አባ ገዳው ዘመኑ ሲያበቃ፣ በስምንተኛው ዓመት፣ ወንበሩን ለተተኪው ይለቃል። በዘመናዊ ትምህርት ያለፉ ብዙ ሰዎች ኋላ ቀር ብለው የናቁት ይህ ሥርዓት፣ ሀገሪቱን ከላይ ሆነው የመሩ ታላላቅ ሰዎች ያጡትን ነገር ለአንድ ተራ ገበሬ ሲሰጥ ኖሯል፤ ያም የመሰማት መብት ነው።

በዛሬው ጽሑፋችን የፖለቲካ ሕይወታቸውን የምንመረምረው ሰው፣ በኢትዮጵያ መንግሥት ውስጥ ከሊቀመንበሩ ቀጥሎ ባለው ወንበር ተቀምጠው ሳለ፣ የኮንጋ ገበሬ በሶንጎ የሚያገኘውን የመሰማት ዕድል ሳያገኙ የሞቱት ሌተና ኮሎኔል አጥናፉ አባተ ናቸው። የደርግ ምክትል ሊቀመንበር የነበሩት አጥናፉ ከተገደሉ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። በእነዚህ ዓመታት አንዳንዱ ወገን የዋህ አርበኛ፣ ሌላው ከገዳዮቹ አንዱ እያለ ሲያነሳቸው ቆይቷል። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች ጥያቄውን ከግማሽ ላይ ጀምረውታል። መነሣት ያለበት ጥያቄ፣ ሕግ በሌለበት ሥልጣን ውስጥ የሁለተኛው ሰው ቦታ ምንድን ነው? የሚለው ነው።

የታሪክን ሂደት በትክክል ለመረዳት ግለሰብን ከኅብረተሰቡ ነጥሎ ማየት አይገባም። አጥናፉን ወደ ሥልጣን ያደረሳቸው የግል ችሎታቸው ብቻ አልነበረም። ለዘመናት የተጠራቀመው የኢትዮጵያ ቅራኔ ፈንድቶ ነበርና፣ እርሳቸውም እንደ ብዙ ጓዶቻቸው በዚያ ፍንዳታ ላይ ተንሳፈው ወጡ። ስለሆነም በመጀመሪያ ቅራኔው ራሱ ምን እንደሚመስል ማየቱ ተገቢ ነው፤ ለዚህም ከጌዴኦ የተሻለ ማስረጃ በቀላሉ አይገኝም።

የዛሬው የጌዴኦ ዞን በዘውዱ ዘመን በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር ደራሳ አውራጃ ተብሎ ይጠራ ነበር። ከአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ወዲህ በነፍጠኛና በገባር ግንኙነት የተያዘው ገበሬ፣ አባቶቹ የተከሉትን እንሰትና ቡና እየተንከባከበ ከምርቱ ለባለመሬት እርቦ ይከፍል ነበር። ቡና በዓለም ገበያ ዋጋ እያወጣ ሲሄድ የባለመሬቱም ፍላጎት አብሮ አደገ። አቤቱታው ሰሚ ያጣው ገበሬ በ1952 ዓ.ም. ተነሥቶ፣ በሚጪሌ ጦርና ጎራዴ ይዞ ጠመንጃ የታጠቁትን ባለመሬቶችና ረዳቶቻቸውን ገጠመ። ብዙዎች ወደቁ፤ ዐመፁም ተሰበረ። ይሁን እንጂ የሚጪሌ ደም በከንቱ ፈሶ አልቀረም። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በየካቲት 1957 ዓ.ም.፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መሬት ለአራሹ ብለው በአዲስ አበባ አደባባይ ሲወጡ፣ የጌዴኦ ገበሬ በጦሩ የጠየቀውን ጥያቄ እነርሱ በመፈክር ደገሙት።

ቅራኔው በሠራዊቱም ውስጥ ነበር። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. እዚያው ሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ፣ በነገሌ ቦረና፣ በምግብና በመጠጥ ውሃ እጦት የተማረሩ ወታደሮች አዛዦቻቸውን ያዙ። ጉዳዩን እንዲያጣሩ የተላኩትን ሌተና ጄኔራልም ከእነርሱ ምግብ እንዲበሉ አስገደዷቸው። ከዚያ ቀን በኋላ ዐመፁ ከአንዱ የጦር ሰፈር ወደ ሌላው፣ ከሠራዊቱም ወደ ታክሲ ነጂው፣ ወደ መምህሩና ወደ ሠራተኛው ተዛመተ። የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ በየካቲት ወር ወደቀ፤ የልጅ እንዳልካቸው መኮንን ካቢኔ ተተካ። ሕዝቡ የሚመራው የተደራጀ ፓርቲ ግን አልነበረውም። ይህን ባዶ ቦታ የሞላው፣ በድርጅቱም በመሣሪያውም ሌላውን የሚበልጠው ሠራዊት ሆነ።

የጎጃም ተወላጅ የሆኑት አጥናፉ አባተ በመድረኩ ላይ የታዩት በዚህ ጊዜ ነው። በ1966 ዓ.ም. ሻለቃ ነበሩ፤ መምሪያው አዲስ አበባ በነበረው በአራተኛው ክፍለ ጦር ውስጥ ያገለግሉ ነበር። ዛሬም ድረስ የአዲስ አበባ ሕዝብ አራተኛ ክፍለ ጦር ብሎ የሚጠራው ያ ግቢ የደርግ የትውልድ ስፍራ ነው። ከልዩ ልዩ የጦር ክፍሎች፣ ከፖሊስና ከብሔራዊ ጦር የተላኩ፣ ማዕረጋቸው ከተራ ወታደር እስከ ሻለቃ የሆነ፣ ቁጥራቸው ከመቶ የሚበልጥ ተወካዮች በሰኔ ወር 1966 ዓ.ም. እዚያ ተሰበሰቡ። ሰኔ 21 ቀን የጦር ኃይሎች አስተባባሪ ደርግ ሲመሠረት ሻለቃ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሰብሳቢ፣ ሻለቃ አጥናፉ አባተ ደግሞ ምክትላቸው ሆኑ። የአስተባባሪው ኮሚቴ ጠሪዎች እነማን ነበሩ ሲባል የአጥናፉ ስም በግንባር ይጠቀሳል። ከዚያን ዕለት አንስቶ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ አጥናፉ ከምክትልነት አልወጡም፤ ወደ ላይም አላለፉም። ከበላያቸው የሚቀመጠው ሰው በየጊዜው ሲለዋወጥ እርሳቸው በዚያው ቆዩ።

ደርጉ ሥልጣኑን የወሰደው ደረጃ በደረጃ ነበር። ሚኒስትሮችንና ጄኔራሎችን አንድ በአንድ አሠረ፤ በመጨረሻም መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን አወረደ። ኢትዮጵያ ትቅደም የሚለው መፈክር ያለ ምንም ደም የሚል ተስፋ ተጨምሮበት ስለነበር ብዙው ሕዝብ በእልልታ ተቀበለው። ሌተና ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም የጊዜያዊ ወታደራዊ አስተዳደር ደርግ ሊቀመንበር ተባሉ። ይሁንና በጄኔራሉና በደርጉ መካከል በኤርትራ ጉዳይ፣ በእስረኞች አያያዝና በሥልጣን ወሰን ላይ የተነሣው አለመግባባት ከሁለት ወር በላይ አልቆየም።

ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. የሆነው ነገር የአጥናፉን ሕይወት ብቻ ሳይሆን የመላውን አብዮት ዕጣ የወሰነ ነው። በዚያ ሌሊት ጄኔራል አማን በቤታቸው በተደረገ ተኩስ ሞቱ። የቀድሞዎቹ ሁለት ጠቅላይ ሚኒስትሮች አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን፣ ልዑል ራስ አሥራተ ካሣ፣ ሌተና ጄኔራል ዐቢይ አበበ፣ ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታና ሌሎችም፣ በድምሩ ስልሳ ያህል ሰዎች፣ ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ከእነርሱ መካከል በሕዝብ ላይ ግፍ የሠሩ አልነበሩም ማለታችን አይደለም። በፍርድ ቤት ቆመው ስለ ወሎ ረሃብ፣ ስለ መሬት ንጥቂያና ስለ ሀብት ብክነት መጠየቅ የነበረባቸው ብዙዎች ነበሩ። በምርመራ ኮሚሽን ተይዞ የነበረው ጉዳያቸው ግን ወደ ፍርድ ሳይደርስ በስብሰባ ድምፅ ተዘጋ። የወሎ ገበሬም ረሃቡን የደበቀበት ማን እንደሆነ በአደባባይ ሲመሰከር የመስማት መብቱን በዚያ ሌሊት ተቀማ።

አጥናፉ ያን ጊዜ ከደርጉ ዋና መሪዎች አንዱ ነበሩ። ስለዚህ ከዚያ ውሳኔ ኃላፊነት የሚያመልጡበት መንገድ የለም። ከሳምንት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ብርጋዴር ጄኔራል ተፈሪ በንቲ ሊቀመንበር ሲሆኑ፣ ሻለቃ መንግሥቱ አንደኛ ምክትል፣ ሻለቃ አጥናፉ ሁለተኛ ምክትል ተብለው ወንበራቸውን ያዙ። ወንበሩ የቆመበት መሬት ግን በዚያ ሌሊት ተሸርሽሯል። አንድ የመንግሥት አካል ተከሳሽን ሳይሰማ መግደል ይቻላል ብሎ አንድ ጊዜ ከወሰነ፣ ውሳኔው በቀድሞ ሹማምንት ላይ ብቻ የሚሠራ መስሎ ለጊዜው ይታይ ይሆናል። ውሎ አድሮ ግን የወሰኑትን ሰዎች ራሳቸውን የሚጠብቃቸው አጥር እንደሌለ ያረጋግጣል።

በዚህ ላይ ቆመን የአብዮቱን ሌላ ገጽታ ካላየን ሚዛናችን ያጋድላል። ታኅሣሥ 11 ቀን 1967 ዓ.ም. ኅብረተሰባዊነት ታወጀ፤ በማግሥቱ 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር ያሰማራው የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ተጀመረ፤ ከዚያም ባንኮችና የመድን ድርጅቶች የሕዝብ ሀብት ተባሉ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ ጭሰኝነትን አጠፋ፤ የአንድ ቤተሰብ ይዞታ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ፤ በ800 ሄክታር ወይም በ20 ጋሻ መሬት ላይ አንድ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም ደነገገ። በሐምሌ ወር ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። አጥናፉ አባተ እነዚህን አዋጆች ያወጣው አካል ሁለተኛ ምክትል ሊቀመንበር ነበሩ። በስልሳዎቹ ሞት ተጠያቂ የምናደርጋቸውን ሰው፣ ከእርቦ ነፃ በወጣው ገበሬ ደስታ ውስጥ ድርሻ የላቸውም ብንል ፍርደ ገምድል እንሆናለን።

ለኮንጋ ገበሬ የየካቲቱ አዋጅ ትርጉም ግልጽ ነበር። ከቡናው እርቦ የሚወስድ ባለመሬት ከእንግዲህ አይመጣም። ሚጪሌ ላይ የወደቀው አባት የጠየቀው ጥያቄ በልጁ ዘመን ተመለሰ። አጥናፉ በተወለዱበት በጎጃም ግን ሁኔታው የተለየ ነበር። የጎጃም ገበሬ በአመዛኙ የርስት ባለቤት ስለነበር፣ መሬት ከባለመሬት ተወስዶ ይሰጥሃል ቢባል ከማን ተወስዶ? ብሎ ይጠይቅ ነበር። ከአዲስ አበባ የሚመጣን አዋጅ በጥርጣሬ ማየት ለእርሱ አዲስ ነገር አልነበረም፤ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብርን በመቃወም ተነሥቶ፣ አውሮፕላን ሳይቀር ዘምቶበት፣ በመጨረሻ መንግሥትን ወደ ኋላ ያስመለሰ ሕዝብ ነበር። አንድ አዋጅ በጌዴኦ ነፃነት፣ በጎጃም ስጋት ሊሆን የሚችልባት ሀገር፣ ልዩ ልዩ አስተያየቶች በግልጽ ተነግረው የሚመዘኑበት ሸንጎ ያስፈልጋት ነበር። ደርግ እንዲህ ያለ ሸንጎ አልነበረውም። በውስጡ የሚነሡ ልዩነቶች የሚፈቱት በክርክር ሳይሆን፣ ማን ቀድሞ ማንን ይይዛል በሚል ውድድር ነበር።

የውድድሩ ምልክቶች ወዲያውኑ ታዩ። በሐምሌ ወር 1968 ዓ.ም. ከደርጉ ጎልተው ከታወቁት አባላት አንዱ የነበሩት ሻለቃ ሲሳይ ሀብቴ ከጄኔራል ጌታቸው ናደውና ከሌሎች ጋር ተገደሉ። ሚያዝያ 12 ቀን 1968 ዓ.ም. የታወጀው የብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም ለተራማጅ ኃይሎች ሁሉ መድረክ ይከፍታል ተብሎ ተስፋ ቢጣልበትም፣ በኢሕአፓና በመኢሶን መካከል የነበረው የሐሳብ ጦርነት ወደ ጥይት ተሸጋገረ። በመስከረም 1969 ዓ.ም. በሻለቃ መንግሥቱ ላይ የግድያ ሙከራ ተደረገ፤ ከዚያ ወዲህ በየከተማው ጎዳና ላይ የአስከሬን ቁጥር በየቀኑ ይጨምር ጀመር።

ታኅሣሥ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ደርጉ አዲስ የሥልጣን ክፍፍል አወጀ። አዋጁ የሊቀመንበሩን የጄኔራል ተፈሪ በንቲን ሥልጣን የሚያጠናክር፣ መንግሥቱን በሚኒስትሮች ምክር ቤት ሰብሳቢነት የሚወስን ነበር። አጥናፉም የሕዝባዊ ሠራዊቱን ሚሊሺያ የማደራጀት ኃላፊነት ተሰጣቸው። የአዋጁ አርቃቂዎች ሥልጣንን በደንብና በአንቀጽ ለመገደብ መሞከራቸው የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም በደም የተሠራን ቤት በወረቀት ማደስ አልተቻለም። አዋጁ በወጣ በአምስተኛው ሳምንት፣ ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም.፣ ጄኔራል ተፈሪ በንቲ፣ ሌተና ኮሎኔል አሥራት ደስታ፣ ሌተና ኮሎኔል ኅሩይ ኃይለ ሥላሴ፣ ሻምበል ሞገስ ወልደ ሚካኤል፣ ሻምበል ዓለማየሁ ኃይሌና ሌሎችም በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ተገደሉ። ለሕዝቡ የተነገረው የመንግሥት ግልበጣ ሊያደርጉ ነበር የሚል ነበር። እነዚህም ሰዎች ቀርበው ቃላቸውን አልሰጡም።

አጥናፉ ከዚያ ቀን ዕልቂት ተረፉ። ሌተና ኮሎኔል መንግሥቱ በየካቲት መጀመሪያ ሊቀመንበር ሲባሉ፣ ሌተና ኮሎኔል አጥናፉ አባተ ብቸኛው ምክትል ሊቀመንበር ሆኑ። ከሁለተኛ ምክትልነት ወደ ብቸኛ ምክትልነት ማለፍ በሰላሙ ጊዜ ቢሆን ዕድገት ይባል ነበር። በዚያ ሁኔታ ግን በአንደኛውና በሁለተኛው ሰው መካከል የነበሩት መሰናክሎች ሁሉ ተነሥተው ሁለቱ ፊት ለፊት ተፋጠጡ ማለት ነበር። በፖለቲካ ውስጥ ሦስተኛ ወገን ሲጠፋ የሁለተኛው ሰው ደኅንነትም አብሮ ይጠፋል።

በዚያው ዓመት ሀገሪቱ በሰሜንም በምሥራቅም ተወጥራ ነበር። ሚያዝያ 4 ቀን 1969 ዓ.ም. የእናት ሀገር ጥሪ ተላለፈ። ከልዩ ልዩ ክፍለ ሀገሮች የተጠራው ገበሬ በታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥኖ፣ ሰኔ 18 ቀን በአብዮት አደባባይ ሰልፍ አሳየ። አጥናፉ ከሚሊሺያው ጋር የነበራቸው ሥራ ከገበሬው ልጅ ጋር በቅርብ ሳያገናኛቸው አልቀረም። በሐምሌ ወር የሶማሊያ መደበኛ ጦር ኦጋዴንን ወረረ፤ በመስከረም 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ተያዘች። በነሐሴ ወር መኢሶን ከደርጉ ተለይቶ ወደ ኅቡዕ ገብቶ ስለነበር፣ በከተሞች የሚካሄደው ግድያ ከአንድ በላይ አቅጣጫ ያዘ።

አጥናፉና መንግሥቱ የተለያዩት በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። የዘመኑን ታሪክ የጻፉ ልዩ ልዩ ሰዎች እንደመዘገቡት፣ አጥናፉ ሀገሪቱ በውጭ ጠላት በተወረረች ጊዜ የውስጡ ግድያ እንዲበርድ፣ የኢኮኖሚው ለውጥ ፍጥነቱ እንዲቀንስና የግል ሀብትም ቦታ እንዲኖረው፣ ሀገሪቱም ፊቷን ሙሉ በሙሉ ወደ አንድ ጎራ ከማዞር እንድትቆጠብ ይሹ ነበር። ይህ አቋም ትክክል ነበር ወይስ ስሕተት? ለክርክር ክፍት የሆነ ጥያቄ ነው። በመሣሪያ እጥረት ተወጥሮ የነበረው ሠራዊት ያለ ሶቪየት ኅብረት እርዳታ ሶማሊያን ይመልስ ነበር ለማለት ያስቸግራል። በአንጻሩ የከተማውን ወጣት ትውልድ የፈጀው ቀይ ሽብር በጊዜው ቢገታ ኖሮ ሀገሪቱ ስንት የተማረ ሰው ታተርፍ እንደነበር መገመት አያዳግትም። እንዲህ ያለው ጥያቄ የሚፈታው ሁለቱም ወገን ቃሉን ተናግሮ ነበር። አልሆነም።

አጥናፉ አባተ ኅዳር 3 ቀን 1970 ዓ.ም. ተገደሉ፤ በማግሥቱም ለሕዝብ ተነገረ። የመንግሥቱ መግለጫ ብዙ ጥፋቶችን ዘረዘረባቸው፤ በሶሻሊዝም አለማመን፣ ከአድኃርያን ጋር መወገን፣ ከኢምፔሪያሊዝም ሰላዮች ጋር መገናኘት፣ የኢትዮጵያን ጥቅም ከርዕዮተ ዓለሙ ማስቀደም የሚሉ ነበሩ። የመጨረሻውን ክስ አንባቢ ቆም ብሎ እንዲያጤነው ያስፈልጋል። አብዮቱ ሲጀመር ኢትዮጵያ ትቅደም የሚለው መፈክር የወታደሩም የሕዝቡም መታወቂያ ነበር። በሦስት ዓመት ከጥቂት ወራት ውስጥ ኢትዮጵያን ማስቀደም ለሞት የሚያበቃ ጥፋት ተብሎ ተቆጠረ። በመግለጫው ውስጥ ያልተገለጸው ነገር፣ ተከሳሹ ለክሱ የሰጡት መልስ ነው። ሊገለጽም አይችልም፤ መልሱን የተቀበለ ችሎት አልነበረምና።

የጊዜው አጋጣሚም ትርጉም አለው። የአጥናፉ ሞት በተነገረበት ቀን፣ ኅዳር 4 ቀን፣ ሶማሊያ ከሶቪየት ኅብረት ጋር የነበራትን የወዳጅነት ውል ሰረዘች። ጥቂት ቀናት ቆይቶ የሶቪየት አውሮፕላኖች መሣሪያ ወደ ኢትዮጵያ ማጓጓዝ ጀመሩ። በ1970 ዓ.ም. አጋማሽ ኦጋዴን ነፃ ወጣ። ድሉ የኢትዮጵያ ሕዝብ ልጆች ደም ያስገኘው፣ ከኩባ ወታደሮችም ጋር የተገኘ ድል ነው። ነገር ግን በግንባር የተገኘው ድል በቤተ መንግሥት ውስጥ የነበረውን ባዶነት ሸፈነው። ሥልጣን በአንድ ሰው እጅ ተጠቃለለ፤ ከዚያ በኋላ በደርጉ ውስጥ ቆሞ አይሆንም የሚል ሰው ለረጅም ጊዜ አልታየም።

የምክትልነት ወንበር ችግር የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በግብፅ ፊልድ ማርሻል ዐብደል ሐኪም ዐሜር የፕሬዚዳንት ናስር የቅርብ ወዳጅና ምክትል ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1967 ከእስራኤል ጋር በተደረገው ጦርነት ሽንፈት ከደረሰ በኋላ ተይዘው፣ በመስከረም ወር በጥበቃ ሥር ሳሉ ሞቱ፤ መንግሥት ራሳቸውን ገደሉ አለ። ከሦስት ዓመት በኋላ ናስር ሲሞቱ ግን ምክትላቸው አንዋር ሳዳት ወንበሩን በሰላም ወረሱ። በጎረቤታችን በኬንያ የመጀመሪያው ምክትል ፕሬዚዳንት ጃራሞጊ ኦጊንጋ ኦዲንጋ በመሬትና በውጭ ፖሊሲ ጥያቄ ከፕሬዚዳንት ኬንያታ ጋር ተለያይተው፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ሥልጣናቸውን ለቀው ተቃዋሚ ፓርቲ መሠረቱ። ፓርቲያቸው እ.ኤ.አ. በ1969 ታገደ፤ እርሳቸውም ታሠሩ። ግፍ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ኦዲንጋ ከእስር ወጥተው፣ የሐሳባቸውን ተናግረው፣ እ.ኤ.አ. በ1994 በእርጅና ሞቱ። በ1967 ዓ.ም. የጌዴኦ ገበሬ ያገኘውን መሬት የኬንያ ገበሬ በዚያ መጠን አላገኘም፤ የኬንያ ምክትል ያገኘውን ከሥልጣን ወጥቶ የመኖር ዕድል ደግሞ የኢትዮጵያ ምክትል አላገኘም። አንድ ሕዝብ ሁለቱንም ለማግኘት ለምን አይበቃም? የዘመናችን የአፍሪካ ፖለቲካ ዋነኛ ጥያቄ ይህ ነው።

በሀገራችንም የወንበሩ ታሪክ ከአጥናፉ ጋር አልተቀበረም። በ1980 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሲመሠረት የምክትል ፕሬዚዳንትነት ሥልጣን በሕገ መንግሥት ተደንግጎ ፍሥሐ ደስታ ተመረጡ። ዘመኑ ሲያልቅ ደግሞ ሌተና ጄኔራል ተስፋዬ ገብረ ኪዳን ምክትል ፕሬዚዳንት ተባሉ። ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት መንግሥቱ ከሀገር ሲወጡ፣ ጄኔራል ተስፋዬ በመፍረስ ላይ ያለን መንግሥት ለአንድ ሳምንት ተሸከሙ። ከዚያም በጣሊያን ኤምባሲ ተጠልለው፣ ከግቢው ሳይወጡ በ1996 ዓ.ም. ሞቱ። ከሁለቱ አንዱን ወንበሩ ለጥይት ዳረገው፤ ሌላውን መሪው ጥሎት የሄደውን ፍርስራሽ አሸከመው። ሁለቱም ወንበሩ ላይ ሳሉ የሕግ ጥላ አልነበራቸውም።

በመጨረሻ ችሎት ተሠየመ። በታኅሣሥ ወር 1999 ዓ.ም. የፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከረጅም ክርክር በኋላ መንግሥቱ ኃይለ ማርያምንና ሌሎች የደርግ ባለሥልጣናትን በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ አላቸው። ሊቀመንበሩ በሌሉበት ተፈረደባቸው፤ ሌሎቹ ጠበቃ አቁመው፣ ምስክር አሰምተው፣ ይግባኝ ጠይቀው ተከራከሩ። አጥናፉ አባተ በሕይወት ቢኖሩ ኖሮ በየትኛው ወገን ይቆሙ ነበር? ስለ ኅዳር 1967 ከተከሳሾች ጋር ይቀመጡ ነበር፤ ስለ ኅዳር 1970 ደግሞ ከተበዳዮች ጋር ይቆጠሩ ነበር። በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ገዳይነትና ተገዳይነት እንዲህ የተጋመዱት በዕድል አይደለም። የመጀመሪያው በር ሲከፈት ሁለተኛው አብሮ ተከፍቷል።

ለማጠቃለል፣ ከአጥናፉ አባተ የፖለቲካ ሕይወት የምናገኘው ትምህርት ለኮሎኔሎች ብቻ የሚጠቅም አይደለም። በገበሬ ማኅበርም፣ በፋብሪካም፣ በመሥሪያ ቤትም ከአንደኛው ሰው ቀጥሎ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ አንድ ቀን አይሆንም ማለት ይገባው ይሆናል። ያን ቀን የሚጠብቀው ለበላዩ ያሳየው ታዛዥነት አይደለም፤ የጓደኝነት ዘመንም፣ ማዕረግም አይደለም። የሚጠብቀው ከእርሱ በፊት ሌላው ሰው፣ ጠላቱም ጭምር፣ ሳይሰማ እንዳይፈረድበት ቆሞ ከነበረ ብቻ ነው። አጥናፉ በኅዳር 1970 የሚያስፈልጋቸውን ነገር በኅዳር 1967 ለሌሎች አልጠየቁም። ጥፋታቸው ይህ ነው፤ በእርሳቸው ላይ የተሠራውም ግፍ ይኸው ነው።

የጌዴኦ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ዓለም ያደነቀው ሰውና ደን፣ እንሰትና ቡና አንዱ ሌላውን ሳያጠፋ አብረው የሚኖሩበትን ጥበብ ነው። ኮንጋ ላይ ዛሬ ቡናውን የሚለቅመው ገበሬ እርቦ አይከፍልም፤ ይህን የአብዮቱ ውርስ ማንም ሊነጥቀው አይገባም። በሶንጎው ሲከሰስም ተነሥቶ ይናገራል፤ ይህ ደግሞ ከአብዮቱ በፊት የነበረ፣ አብዮቱ ሊማረው ሲገባ ሳይማረው ያለፈ የአባቶች ውርስ ነው። መሬትና ቃል፣ ሁለቱ ውርሶች በአንድ ሀገር ደረጃ ተጣምረው ሲገኙ፣ በሚጪሌ የወደቁት ገበሬዎች ጥያቄ ያን ጊዜ ሙሉ መልስ ያገኛል።